የተጨመረው ግብር ስለ ምን አይነሣም? ከዐሥራት ዐዋጅ እስከ እርሻ ሥራ ገቢ ግብር

የአንድን አገር የሕግ መዝገብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የመረመረ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ይኸውም ሕግ አውጪዎች ችግር ባጋጠማቸው ጊዜ ከቀድሞው ደንብ አንዱን ከማንሣት ይልቅ በላዩ ሌላ ደንብ መጨመርን የሚመርጡ መሆናቸው ነው። ይህ ጠባይ የአንድ ሕዝብ ወይም የአንድ ዘመን ብቻ አይደለም። ነገር ግን ምክንያቱ በጥቅሉ ሲነገር ከአባባል የማያልፍ ስለሆነ በአንድ በታወቀ ጉዳይ ላይ መርምሮ ማየት ይሻላል። ለዚህም የኢትዮጵያ የመሬት ግብር ታሪክ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ የዐሥራት ዐዋጅ ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅና ከዚያም ወዲህ ያለው፣ በቂ ምስክር ይሆናል። ግብር ከሕግ ሁሉ ይልቅ በባላገሩ ጎተራና ጓዳ የሚገባ ሕግ ስለሆነ፣ መጨመሩም አለመነሣቱም በግልጥ የሚታይ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ዐሥራትን ሲያውጁ ዐሳባቸው ሸክምን ለማቅለል እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከዚያ በፊት ወታደሩ በባላገሩ ቤት እየተመራ ይቀመጥ ነበር፤ ባላገሩም አብልቶ አጠጥቶ፣ በቅሎውን ቀልቦ፣ ቤቱንም ለቆ ያሳድረው ነበር። ይህ አኗኗር ምን ያህል መከራ እንደ ነበረ ለመረዳት፣ ወሰኑ ያልተለካ መሆኑን ብቻ ማሰብ ይበቃል፤ እንግዳው ምን ያህል እንደሚበላና መቼ እንደሚሄድ የሚወስን ደንብ አልነበረምና። ዐሥራት ግን ከምርቱ ከዐሥር አንዱ ስለሆነ ልኩ የታወቀ ነበር። እህሉ ወደ መንግሥት ጎተራ ገብቶ ወታደሩ ከዚያ ቀለቡን እንዲቀበል፣ ባላገሩም በቤቱ ከሚያርፈው እንግዳ እንዲድን ታስቦ የወጣ ዐዋጅ ነው። ስለዚህ ዐሥራት በጥንተ ነገሩ ሌላ ሸክም ለማንሣት የመጣ ምትክ ነበር።

ይሁን እንጂ ምትኩ ጸንቶ ሲቀር፣ የሚተካው ነገር ፈጽሞ አልጠፋም። ገባሩ ከዐሥራቱ ሌላ ለመልከኛውና ለባለጉልቱ የሚሠራው ሁዳድ፣ የሚያመጣው ማርና ማገዶ፣ የሚያመላልሰው ሥንቅ፣ የሚጠብቀው እስረኛ፣ የሚያጥረው አጥር ነበረበት። ዐሥራቱን ራሱን እንኳ ወደ ጎተራው የሚያደርሰው በራሱ ትከሻና በራሱ አጋሰስ ነበር። የእነዚህን ግብሮች ዝርዝር ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» በተባለው መጽሐፍ ሰብስበው ስላቆዩት፣ ዛሬ ነገሩን ለሚመረምሩ ሰዎች ትልቅ ጥቅም ሰጥተዋል። ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው ግብሮቹ በአንድ ዐሳብ የተሠራ ሥርዐት እንዳልሆኑ ይረዳል። እያንዳንዱ በአንድ ወቅት፣ ለአንድ ጉዳይ፣ በአንድ ሹም ዘመን የገባ ነው፤ ጉዳዩ ሲያልፍ ግብሩ ቀርቷል፤ ሹሙም ሲሻር ተተኪው ግብሩን እንደ ጥንት ልማድ ተቀብሎታል።

ከጠላት ወረራ በኋላ የተመለሰው መንግሥት ይህን ክምር ለማፍረስ ያደረገው ሙከራ ሊዘነጋ የማይገባው ነው። በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር እንዲከፈል ተወሰነ፤ ዐሥራቱ ግን ከዚህ ሌላ ሆኖ ቀረ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ ቁጥር 70 ደግሞ ዐሥራቱን በገንዘብ ተምኖ ከመሬት ግብሩ ጋራ በማያያዝ ድምሩን በለም 50፣ በለም ጠፍ 40፣ በጠፍ 15 ብር አደረገው። ከዚህ በቀር ያለው የጉልበት ሥራና ልዩ ልዩ መዋጮ ሁሉ ቀሪ እንዲሆን ታዘዘ። ይህ በኢትዮጵያ የግብር ታሪክ ውስጥ እውነተኛ መቀነስ ከተደረገባቸው ጥቂት ጊዜዎች አንዱ ነው። በሕግ ደረጃ ሁዳዱም ማሩም ማገዶውም በአንድ ቀን ተነሡ።

ይህ መቀነስ የተቻለበትን ምክንያት ማስተዋል ይገባል። መንግሥቱ ገና እንደ አዲስ የሚቋቋም ስለ ነበረ፣ በቀድሞው ግብር ይጠቀሙ የነበሩት ሹማምንት በደመወዝ ወደሚተዳደሩበት ሥርዐት ይሸጋገሩ ነበር። ያጡት ነገር በሌላ ነገር ተተካላቸው። እንዲሁም ጠቅላይ ግዛቶቹ ሁሉ በአንድ ልክ አልተያዙም፤ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ ከወረራው በፊት በነበረው ልማድ እንዲገብሩ ተፈቀደላቸው። በዚህም አዲሱ ሕግ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ሳይሽር ጎን ለጎን እንዲኖር አደረገው። ይህ ፈቃድ ለጊዜው ጥበብ ነበር፤ ነገር ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ጠብ ዘሩን የዘራ ነው።

ከ1937 ዓ.ም. በኋላ ዳግመኛ መጨመር ተጀመረ። በ1940 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 94 የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጣለ። በ1951 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ የጤና ግብር ተከተለው። ሁለቱም ዐላማቸው የተመሰገነ ስለ ነበረ የሚቃወማቸው ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት አያስፈልግም የሚል ማን ነው? ሆኖም የግብሩ ስም አንድ ነገር ሲሆን የግብሩ ተከፋይነት ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤቶቹ በአብዛኛው በከተማ ተሠርተው ሳለ፣ ከከተማው ርቆ የሚኖረው ባላገር ልጁ ሳይማር የትምህርት ግብሩን ይከፍል ነበር።

እዚህ ላይ የመጨመር ልማድ የመጀመሪያው ምክንያት ይታያል። አዲስ ግብር ስም አለው፤ ስሙም ዐላማውን ያሳያል። አንድ ሚኒስትር የትምህርት ግብር አስወጣሁ ቢል ሥራው ይታይለታል። የትምህርት ግብር አስነሣሁ ቢል ግን ትምህርትን የሚጠላ ሰው ይመስላል። ግብሩ በእርግጥ ለትምህርት ይዋል አይዋል፣ ተመሳሳዩ ገንዘብ በሌላ መንገድ ቢሰበሰብ ይሻል አይሻል የሚለው ጥያቄ በስሙ ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ዐላማ በስሙ የተለጠፈበት ግብር፣ ስም ከሌለው ግብር ይልቅ ለመንሣት አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እያንዳንዱ ግብር ባለቤት የሚያበጅ መሆኑ ነው። በ1937 ዓ.ም. ዐዋጅ መሠረት ባለመሬቱ ዐሥራቱን ለመንግሥት በተቈረጠ ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ከጭሰኛው ግን ከምርቱ ከዐሥር አንዱን በእህል ይቀበል ነበር። የእህል ዋጋ ሲወደድና ምርቱ ሲበዛ የሚከፍለው እዚያው ቆሞ የሚቀበለው እየጨመረ ሄደ። ዐሥራት ለመንግሥት የገቢ ምንጭ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የባለመሬቱም ጥቅም ሆነ። ከዚህ የተነሣ ዐሥራትን ለማንሣት የሚነሣ ሰው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ጋራ ብቻ ሳይሆን በየወረዳው ካሉ ብዙ ባለመሬቶች ጋራ የሚጋጭ ሆነ። በ1958 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 230 የርስተ ጉልትና የሲሶ ጉልት መብት ሲሻር፣ ባላገሩ ግብሩን በቀጥታ ለመንግሥት እንዲከፍል ተደረገ፤ ነገር ግን ባለጉልቶቹ ያጡትን ሳያስቡ አልቀሩም። ግብር ሲጨመር የሚጐዱት ብዙዎችና የተበታተኑ ናቸው፤ ግብር ሲነሣ የሚጐዱት ጥቂቶችና የሚተዋወቁ ናቸው። ጥቂቶቹም በአደባባይና በምክር ቤት ድምፃቸው የሚሰማ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርምና በባላገሩ ኑሮ ውስጥ የሚገኝ ነው። ገባሩ ራሱ ግብሩ እንዳይነሣበት የሚፈልግበት ጊዜ ነበር። የመሬት ደብተር በሌለበት አገር ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ የርስት ማስረጃ ነው። በርስት ክርክር ጊዜ ዳኛው ፊት የሚቀርበው የአባትና የአያት ስም፣ የምስክር ቃልና የግብር ደረሰኝ ነበር። ስለዚህ «ገባር ነኝ» ማለት ሸክምን ብቻ የሚያመለክት ቃል አልነበረም፤ «ባለርስት ነኝ» ማለትም ነበር። ግብሩን የሚለውጥ ሁሉ፣ ቢቀንሰውም እንኳ፣ የርስቱን ማስረጃ እንደ ነካ ይቈጠር ነበር። በዚህ ዐይነት አንድ ደንብ ለወጣለት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ላልታሰበለትም ጉዳይ ምሰሶ ይሆናል፤ ምሰሶውን የሚነቅል ሰው የትኛው ጣራ እንደሚወድቅ አስቀድሞ አያውቅም። ከላይ የተቀመጠው ሹም ይህን ባለማወቁ ይፈራል፤ በፍርሃቱም የቀድሞውን ትቶ ሌላ ይጨምራል።

እነዚህ ሦስት ምክንያቶች በ1960 ዓ.ም. በጎጃም በአንድ ላይ ተገናኙ። በዚያ ዓመት በወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 255 ዐሥራት እንዲቀር ተደርጎ፣ በምትኩ ገበሬው እንደ ገቢው መጠን እንዲከፍል ታዘዘ። ሕጉ በጽሑፉ ሲታይ ከቀድሞው ሁሉ ይልቅ ለፍትሕ የቀረበ ነበር። ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይከፍላል፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ጀምሮ የነበረውም ዐሥራት ከእንግዲህ የለም። ነገር ግን የመሬት ግብሩ፣ የትምህርት ግብሩና የጤና ግብሩ በነበሩበት ቈዩ። በጎጃም ባላገር ዐይን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነበር። ገቢን ለማወቅ ገማቾች ይመጣሉ፤ ገማቾች ከመጡ መሬት ሊለኩ ነው፤ መሬት ከተለካ ርስት ሊነካ ነው። ቀድሞም በ1934 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በተደረጉ የግብር ሙከራዎች ጊዜ ጎጃም መሸፈቱ ይታወሳል። ልዩ ልዩ መዋጮና የጠመንጃ ፈቃድ ክፍያም ከዚህ ጋራ ተደርቦ ስለ ነበረ፣ አዲሱ ሕግ እንደ ምትክ ሳይሆን እንደ ጭማሪ ተቈጠረ።

በሞጣና በዳሞት አውራጃዎች የተነሣው ዐመፅ ጦር፣ በመጨረሻም አውሮፕላን ጭምር እስኪዘምትበት ድረስ ከበደ። ሰዎች ሞቱ፤ ቤቶችና ሰብል ተቃጠሉ። ፍጻሜው ግን በጦር አልሆነም። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተለወጡ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም በኀይል እንዲፈጸም አልተደረገም፤ ከ1942 ዓ.ም. እስከ 1960 ዓ.ም. ሳይከፈል የተጠራቀመው ውዝፍ በንጉሠ ነገሥቱ ተማረ። በዚህ ታሪክ ላይ ሊመረመር የሚገባው ነገር፣ ዐሥራትን የሚያነሣ ሕግ በጎጃም ደም ማፍሰሱ ነው። ሕዝቡ ሕጉን ያልተረዳው በድንቁርና ነው ማለት አይቻልም። ባላገሩ ከሰማንያ ዓመት ልምድ የተነሣ አንድ ነገር ተምሯል፤ መንግሥት «ይህ ቀርቶ ያ ይሁን» ሲል፣ «ያ» ሁልጊዜ ይመጣል፤ «ይህ» ግን ሁልጊዜ አይቀርም። በዐሥራት ጊዜ የሆነው ይህ ነበር። በሌሎችም ጠቅላይ ግዛቶች በ1960 ዓ.ም. ከቀረ በኋላ ብዙ ባለመሬቶች ዐሥራቱን ከጭሰኞቻቸው መቀበላቸውን አልተዉም፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ከእውነት የራቀ አልነበረም። የመጨመር ልማድ ክፉነቱ ሸክሙን ማብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ውሎ አድሮ መቀነስም ራሱ እንዳይታመን ማድረጉ ነው።

ከዚሁ ጋራ አራተኛ ምክንያት ይታያል። ውዝፉ ተማረ እንጂ ዐዋጁ አልተሻረም። ምሕረት ደንቡን በቦታው ትቶ ጥፋተኛውን የሚለቅ ስለሆነ የገዥውን ክብር አይቀንስም፤ እንዲያውም ያበዛዋል። ሽረት ግን «ትላንት ያወጅሁት አልበጀም» ማለት ነው። በቃሉ የሚታፈር መንግሥት ከሽረት ይልቅ ምሕረትን፣ ከምሕረትም ይልቅ ዝምታን ይመርጣል። በዚህ መንገድ የማይፈጸሙ ደንቦች በመጽሐፍ ላይ ይጠራቀማሉ፤ ለደካማው የሚያሰጉ፣ ለኀይለኛው የማይደርሱ ሆነው ይኖራሉ።

የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን፣ የባለመሬቱን መብትና ከዚህ ጋራ የተያያዘውን ክፍያ ሁሉ በአንድ ቀን ስለ ሻረ፣ ለዚህ ሁሉ መጨረሻ የተበጀለት ይመስል ነበር። በእርግጥም ለጭሰኛው ከዚህ የበለጠ መቀነስ ታይቶ አይታወቅም። ነገር ግን በሚከተለው ዓመት በዐዋጅ ቁጥር 77 የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር ተደነገገ። ከዚያም ለገበሬ ማኅበሩ፣ ለልዩ ልዩ ዘመቻና ለእናት አገር ጥሪ የሚሰበሰበው መዋጮ ተጨመረ። እህሉንም መንግሥት በቈረጠው ዋጋ በኮታ ለመንግሥት የእህል ገበያ ድርጅት እንዲሸጥ ተገደደ። ይህ ኮታ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኤኮኖሚ በታወጀ ጊዜ ነው። ክምሩ ከሥር ቢነቀልም፣ ክምር የሚያበጀው ልማድ ከነሥሩ እንዳልተነቀለ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አንዳንድ ሊቃውንት ይህን ሁሉ በመንግሥት የገንዘብ ፍላጎት ብቻ ይተረጕሙታል። ዘመናዊ ጦር፣ ትምህርት ቤትና መንገድ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ግብር መጨመሩ አያስገርምም ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁሉን አይገልጥም። የገንዘብ ፍላጎት የግብሩን ድምር ያስረዳል እንጂ የግብሮቹን ብዛት አያስረዳም። የ1937 ዓ.ም. ዐዋጅ እንዳሳየው ብዙ ግብሮችን በአንድ አስተባብሮ የሚፈለገውን ገንዘብ ማግኘት ይቻላል። ትምህርትንም ጤናንም ከአንዱ የመሬት ግብር ከፍ በማድረግ መደገፍ ይቻል ነበር። ሳይሆን ቀርቶ በየጊዜው አዲስ ስም ያለው ግብር መጨመሩ ከገንዘብ ሌላ ምክንያት እንዳለ ያመለክታል።

የሰው ልጅ አእምሮም በዚህ ነገር የራሱ ድርሻ አለው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2021 በጋብርኤል አዳምስና በጓደኞቿ፣ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ምርምር «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ታትሞ ነበር። ተመራማሪዎቹ የሚያሻሽሉት ነገር ለሰዎች ሲሰጧቸው፣ ብዙዎቹ መጨመርን አስበው መቀነስን ሳያስቡት እንደሚቀሩ አሳይተዋል። በአንዱ ፈተና የመጫወቻ ሸክላ መጨመር በእያንዳንዱ 10 ሳንቲም ያስከፍል ነበር፤ ማውጣት ግን ምንም አያስከፍልም። ሆኖም ማውጣትም እንደሚቻል አስቀድሞ ካልተነገራቸው 41 በመቶ ብቻ አወጡ፤ ሲነገራቸው 61 በመቶ ሆኑ። ይህ ግኝት የጎጃምን ታሪክ አይተካም፤ ከሕግ አውጪው ፊት ያለው ሹም ጥቅሙንና ክብሩን ሳያስብ እንኳ መቀነስ ቶሎ ወደ ልቡ እንደማይመጣ ግን ያስረዳል።

ታዲያ መቀነስን ቀላል የሚያደርግ ሥርዐት አለ ወይ? ለሕዝቦች ሥርዐት ተመራማሪ ይህ ጥያቄ ከጥንት መልስ አለው። በቦረና ኦሮሞ ዘንድ በየስምንት ዓመቱ የሚደረገው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕጉ እየታሰበ የሚታደስበት፣ የሚሻሻልበትና የሚታወጅበት ሸንጎ ነው። ሕጉ በብራና ስላልተጻፈ በጉባኤው ላይ ሕግ ዐዋቂዎች በቃል ያስታውሱታል፤ ሕዝቡ ይሰማዋል፤ ይከራከርበታል። የገዳ ሥርዐት በአውሮጳ አቆጣጠር በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ መመዝገቡም የታወቀ ነው። ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋራ የሚገናኘው ግን የጉባኤው ክብር ሳይሆን አሠራሩ ነው። በጽሑፍ ያለ ሕግ ማንም ሳያነሣው ይኖራል፤ ስለዚህ መቀነሱ የሚታሰብ ሥራ ነው። በቃል የሚኖር ሕግ ግን ለመቀጠል በየጊዜው መነሣት አለበት፤ ስለዚህ ጥረት የሚጠይቀው መቀጠሉ ነው። በጽሑፍ ዓለም ሕግ ሳይነኩት ይጸናል፤ በቃል ዓለም ሳይነኩት ይረሳል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 3347 ከዚያ በፊት በሕጉ ውስጥ በተሸፈኑ ጉዳዮች የነበረውን የተጻፈና የልማድ ደንብ ሁሉ በአንድ አንቀጽ ሽሮ ነበር። በወረቀት ላይ ከዚህ የሰፋ መቀነስ አይገኝም። ዳሩ ግን በሕዝቡ መካከል የጋብቻው፣ የርስቱና የሽምግልናው ልማድ በነበረበት ቀጠለ። ደንብን በደመወዝተኛ እጅ ከመሻር ይልቅ ደንቡን የሚኖሩበትን ሰዎች ሰብስቦ አንድ በአንድ መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። የትኛው ደንብ ለምን እንደ ገባ፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ቢነሣ ምን እንደሚፈርስ የሚያውቀው በላዩ የተሸከመው ሰው ነውና።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ደንብ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ የዐሥራት ዐዋጅ በጊዜው በጎ ነበር፤ የትምህርት ግብርም ልጆችን አስተምሯል። ትምህርቱ፣ ደንብ ሲወጣ የሚነሣበትም ቀን ከነምክንያቱ አብሮ ካልተጻፈ፣ ወደፊት የሚያነሣው ሰው ለማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። የሚተካ ደንብ ሲወጣም የሚተካው ደንብ በእርግጥ መቅረቱን ባላገሩ በቤቱ ሊያየው ይገባል። አለዚያ የሚቀጥለውን በጎ ሕግ በጎጃም እንደ ሆነው ሁሉ በጥርጣሬ ይቀበለዋል፤ ጥርጣሬውም ጠመንጃ ሊያነሣ ይችላል።